«ቦርዱ ሄዷል» ከማለታችን በፊት

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ያችት ነው። አዎ፣ ያችት! ባህር በሌለው አገር ቾክ ይዞ የሚውል የዲፕሎማ መምህር ስለ ያችት ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ፣ ያገባኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ዱባይ ነው፣ ባለ ሸራ ያችት ላይ ይሠራል። ገመድ ያስራል፣ ያጥባል፣ ሌሊት ተራው ሲደርስ መሪው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ቲቸር፣ ሥራዬን ላጣ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚነዳ አውቶፓይለት አላት። ሌሊት ንፋሱ በርታ ሲል በልጁ ተራ ድንገት ይጠፋል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ ታዞራለች፣ ሸራው ይንገጫገጫል፣ የተኛው ሁሉ ይነቃል። ቀን ላይ ባህሩ ሲረጋ ግን ምንም የለም። አለቃው «የማይነካ ነገር ነክተህ ነው» አለው። የተጠራው ቴክኒሻንም ወደብ ላይ ቴስተሩን ሰካ፣ 12.5 ቮልት አየ፣ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ቦርዱ ሄዷል» ብሎ ፈረደ። አዲስ ቦርድ ውድ ነው። ሂሳቡ ከልጁ ደመወዝ ይቆረጣል ተባለ። ቪዛው ደግሞ በአሠሪው እጅ ነው። የዓረብ አገር ኑሮን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ ያችት በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ እሱም ፎቶ እያነሳ ላከልኝ። ከዚያ አብረን ሄድንበት። የሄድንበትን መንገድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለፍሪጅም፣ ለባጃጅም፣ ለጤና ጣቢያ ጄኔሬተርም ያው ነውና።

መጀመሪያ ችግሩን ለሁለት መክፈል። አውቶፓይለቱን አጥፍተህ መሪውን በእጅህ ከዳር እስከ ዳር አዙረው አልኩት። በብዙ ያችቶች ላይ ከመሪው ጀምሮ ሰንሰለትና የብረት ገመድ አለ፣ እሱ ውሃ ውስጥ ያለውን የኋላ ሰሌዳ ያዞራል። መሪው ከተላወሰ ገመዱ ላልቷል። ከከበደ ወይ ከነከሰ ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር ወይም የሰሌዳው ማቀፊያ ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ እጀታም አለ፣ በቀጥታ ከሰሌዳው ዘንግ ጋር ይገጠማል። በእሱ ሰሌዳው በደንብ ዞሮ በመሪው ካልዞረ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ነው ማለት ነው። የእኛዋ ግን በእጅ ስትዞር ለስላሳ ናት። ግማሹ ተጠርጣሪ በአሥር ደቂቃ ነፃ ወጣ!

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ከአቅም በላይ እየተሠቃየ እንዳይሆን ማየት። ንፋስ ሲበረታ ሸራው ካልተቀነሰ ጀልባዋ ራሷ መሪውን ትታገላለች። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ «ሱሃይሊ» በምትባል ትንሽ ጀልባ ብቻውን ዓለምን ሊዞር ወጣ። በንፋስ የሚሠራው ራስ-መሪ መንገድ ላይ ተሰባበረበት። ሸራዎቹን እያመጣጠነ ጀልባዋ ራሷ አቅጣጫዋን እንድትይዝ አደረገና ጉዞውን ቀጠለ። ከተነሱት 9 ተወዳዳሪዎች እሱ ብቻ ጨረሰ፣ በ312 ቀን። ልጁም ሸራ ቀንሶ ሞከረ። መጥፋቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ይህ ራሱ ፍንጭ ነው። ድካሙ ሲቀንስ ችግሩም ይቀንሳል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቀሪውን ግማሽ በሥራው መከፋፈል። አውቶፓይለት የሚያይ፣ የሚያስብና የሚገፋ ክፍል አለው። የሚያየው ኮምፓሱ ነው። ኮምፓሱ ቢሳሳት፣ ለምሳሌ አጠገቡ የብረት ዕቃ ቢቀመጥ፣ ጀልባዋ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ትሄዳለች ወይም ትዋልላለች። የእኛዋ ግን ጭራሽ ትጠፋና ትነሳለች። የምትጠፋው ደግሞ ሞገድ ሲመታ፣ ሞተሩ በኃይል ሲገፋ፣ መብራቱና ፍሪጁም አብረው ሲሠሩ ነው። ሌሊት የሆነውም ለዚህ ነው። ሌሊቱም ልጁም ጥፋት የለባቸውም።

እዚህ ጋ ክፍል ውስጥ የጻፍኩት የኦም ህግ ትዝ አለኝ። የሆነ ቦታ አንድ ማያያዣ ዝጎ 0.2 ኦም መቋቋም ቢፈጥር፣ መስመሩ ላይ 0.1 አምፒር ብቻ ሲያልፍ የሚጠፋው 0.02 ቮልት ነው። ቴስተር ላይ ልብ አትሉትም። ሞተሩ 10 አምፒር ሲጎትት ግን 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል! ቦርዱ ዘንድ የሚደርሰው 10.5 ነው፣ ስለዚህ ራሱን ያጠፋል። ቴክኒሻኑ አልዋሸም፣ ቴስተሩም አልዋሸም። የለካው ግን ማሽኑ እረፍት ላይ ሳለ ነው።

«አውቶፓይለቱን አብራ፣ መብራቱንም ፍሪጁንም አብራ፣ ጓደኛህ መሪውን ይዞ ሞተሩን ይታገለው፣ ያኔ ለካ» አልኩት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቦርዱ ኔጌቲቭ ላይ። ሽቦው ጤነኛ ቢሆን ከዜሮ ብዙም ባልራቀ ነበር። 1.8 አሳየ። ሽቦውን ተከትሎ ሄደ፣ ከወለሉ በታች፣ የባህር ውሃ በሚያርፍበት ጥግ፣ አረንጓዴ የዛገ ተርሚናል አገኘ። ኃይሉን አጥፍቶ፣ የተበላውን ሽቦ ቆርጦ፣ አዲስ ተርሚናል አሰረ። አለቀ። ቦርዱ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ።

አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንፈልገው ጥፋተኛ ነው፣ እሱ ከጠፋ የሚቀየር ዕቃ። «የት ጋ ነው የተቋረጠው?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ይመጣል፣ ከመጣ። ጊዜ ገንዘብ ነው፣ መቀየር ይፈጥናል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይፈጥናል። ግን ያ ቦርድ ቢቀየር ኖሮ አዲሱም በሚቀጥለው ንፋሳማ ሌሊት ይጠፋ ነበር። ያኔ «ልጁ ነው» የሚለው ክስ የተረጋገጠ ይመስል ነበር። የምፈራው ይህን ነው። ያልተመረመረ ብልሽት መጨረሻው አቅም የሌለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው ጣቴ ወደ ራሴ ይጠቁማል። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ይሄ ቀመር ምን ያደርግልናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም «ለፈተና» አልኩት። ተማሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ደወል ተደወለ። ለዓመታት V=IR አስጽፌ፣ ቁጥር አስተክቼ፣ ማርክ ሰጥቻለሁ። «ሁለቱ ቮልት የት ጠፉ?» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ቤተ ሙከራ የለንም፣ ክፍሉ ሞልቷል የሚለውን አውቃለሁ፣ እዚያው ነው የምኖረው። ግን ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ርካሽ ቴስተርና አንድ የዛገ ሽቦ ነው። ሽቦ በክፍሌ ከበቂ በላይ አለ። ካለፈው ወር ጀምሮ እኔ ራሴ አበላሽቼ አመጣለሁ፣ በቡድን ይፈልጋሉ። ሕጉ አንድ ነው። የት እንደተበላሸ ሳትለካ «ይቀየር» ያለ ቡድን ዜሮ ያገኛል። ጩኸታቸው እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይሰማል፣ ግን እያገኙት ነው።

ልጁ ሥራው ላይ ነው። ከደመወዙም አልተቆረጠም። ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። እኔ ግን ልጠይቀው፣ ለዚያች «ለፈተና» ለምትለው መልሴ።

እናንተስ? ሳይመረመር የተፈረደባችሁ ቀን አለ? ወይ እናንተ የፈረዳችሁበት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ የዛገ ሽቦ አትጣሉ።

ቸር እንሰንብት።