ቁልፍ ቀራጭነት በፖስታ ይመጣል?

ከሳቢያን የደረሰኝ ደብዳቤ አጭር ነው። ልጁ 12ኛን ጨርሷል፣ ሥራ የለውም። ውጭ አገር ያለ ትምህርት ቤት የቁልፍ ሥራን በተልዕኮ እንደሚያስተምር ሰምቷል። ክፍያውን እናቱ ከወጣላቸው ዕቁብ ሊሸፍኑለት ቆርጠዋል። «ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ የእናትህ ዕቁብ ቀልድ አይደለምና እኔም በቀልድ አልመልስልህም።

መጀመሪያ ለተልዕኮ ትምህርት ሐቁን እንስጠው። በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ስክራንተን ከተማ ውስጥ የተጀመረው ዝነኛው የተልዕኮ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎቹ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነበሩ። ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ግን ልብ በል! እነዚያ ሰዎች ሥራው ላይ ሆነው ነው የተማሩት። እጃቸው ሙያውን ያውቀዋል፤ የጎደላቸው ስሌቱና ፈተናው ነበር። አንተ ጋ ነገሩ ተገልብጧል።

ወረቀት ምን ያስተምርሃል? ብዙ ነገር። በተለመደው የበር ቁልፍ ሲሊንደር ውስጥ ትንንሽ ፒኖች በሞላ ተገፍተው ይቆማሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉንም አንድ መስመር ላይ ያደርሳቸዋል፣ ሲሊንደሩም ይዞራል። ሥዕሉን ካየህ በአንድ ማታ ይገባሃል። ሞረዱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገባህም! ሞርሳ ላይ የታሰረው ቁልፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር አልፎ ከተሞረደ አለቀለት፣ ሌላ ትጀምራለህ። ይሄን የሚያስተምርህ የተበላሸ ቁልፍ ክምር እንጂ ፖስታ አይደለም።

ሌላም አለ። የማታውቀው ሰው ሳሙና ላይ የታተመ የቁልፍ ቅርጽ ይዞ ቢመጣ ምን ትለዋለህ? እምቢ ማለትን፣ ቤቱ የማን እንደሆነ መጠየቅን የምትማረው አጠገቡ ቁጭ ብለህ ካየኸው ባለሙያ ነው። ቁልፍ ቀራጭ ስሙ አንዴ ከጠፋ፣ አቦ፣ ድሬ ላይ ወሬ ከንፋስ ይቀድማል፣ ዕቃውን ሰብስቦ መሄድ ብቻ ነው የሚቀረው።

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶውን ለተግባር፣ 30 በመቶውን ለንድፈ ሐሳብ የሚመድበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲኦሲ የምንለው ምዘናም ቢሆን እጅህን ያያል። ድሬ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ከደረሰላት ወዲህ ስንቱን ባለ ሙያ ያፈራችው በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ፣ ከአለቃ ሥር አቁማ ነው።

ምክሬ ይኸውልህ። ለጊዜው ዕቁቡን አትንኩት። ከዚራም ይሁን መጋላ ቁልፍ ከሚቀርጹት አንዱን ጠጋ በልና «ጋሼ፣ ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ላግዝዎት» በላቸው። አንዱ እምቢ ቢሉህ ሌላው አሉ። ማታ ማታ አሮጌ ጓጉንቸር እየፈታህ ግጠም። እጅህ ሲፍታታ ከዕቁቡ መጀመሪያ የመቅረጫ ማሽን ግዛ። ቺፕ ስላላቸው የመኪና ቁልፎች ማወቅ ያማረህ ጊዜ የተልዕኮው ትምህርት ይጠቅምሃል፤ ከተረፈህ ያኔ ተመዝገብ።

እናትህም ገንዘባቸው የት እንደገባ በዓይናቸው ያዩታል።