«ዕድሜህ አልፏል»

ምናለሽ ተራ ኩሊ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄን የሰማ ሁሉ «አቤት ያሳለፍከው!» ይለኛል። እውነት ለመናገር ግን ከተሸከምኩት ቆርቆሮ ሁሉ የከበደኝ በእጄ ያልነበረ አንድ ወረቀት ነው።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከወሎ መጥቼ አውቶቡስ ተራ ስወርድ 17 ዓመቴ ነበር። መስከረም ላይ ብሬን ቋጥሬ ልመዘገብ ሄድኩ። የቀኑ ትምህርት ቤት «ዕድሜህ አልፏል፣ ማታ ሞክር» አለኝ። ማታ ሞከርኩ። መዝጋቢዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «መሸኛ?» አለችኝ።

«የለኝም እትዬ።»

«መታወቂያስ?»

«እሱም የለኝም።»

«እንግዲያ አሟልተህ ና።»

ማሟላት! መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛው ቢመጣ እንኳ ቤቴ አስመዘግበዋለሁ የሚል ሰው ያስፈልጋል። እኔ የማድረው በቀን ሒሳብ የሚከራይ አልጋ ላይ ነው፤ ማን ያስመዘግበኛል? በኋላ ዕቃውን የማወርድለት የሸማ ተራ ነጋዴ አዝኖ በቤተሰቡ ስም አስመዘገበኝና ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። አብረውኝ የሚያድሩት አምስት ልጆች ግን እንዲህ ያለ ሰው አላገኙም። በዕድል የገባሁትን እኔን እያሳዩ «የፈለገ ይማራል» የሚሉኝን ሰዎች አልወዳቸውም።

ደግሞስ ዕድሜያችን ያለፈው በማን ጥፋት ነው? ትግራይ ውስጥ መጋቢት 2012 በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ቤት ገና ሳይከፈት ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ክፍል ሲመለስ 18 ሞልቶታል። አማራ ክልልም ከ2015 ክረምት ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። እነዚህ ልጆች ዛሬ መርካቶ ናቸው፤ ጋሪ ይገፋሉ፣ ሎተሪ ያዞራሉ፣ ጫማ ይጠርጋሉ። ዓመታቸውን የበላው ጦርነት ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው።

የስደተኛው ነገር ደግሞ በሕግ የተጻፈ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አንቀጽ 24ን አንብቡት። ስደተኛ አንደኛ ደረጃን እንደ ዜጋ እኩል ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ ያለው ሀብት እስከፈቀደ ድረስ «ሊማር ይችላል» ይሆናል። እናም 17 ዓመቱ ላይ ድንበር የተሻገረ ኤርትራዊ ልጅ፣ በጣም የሚያስፈልገው ክፍል ላይ መብቱ ወደ ችሮታ ዝቅ ይልበታል። ዜጋውስ ቢሆን? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርትን የሚያስቀምጠው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። አቅም የምትባለዋ ቃል ለሁላችንም በሩ ላይ ቆማለች።

«ፎርጅድ ካርድ በዛ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በዝቷል። ታዲያ ልጁን ፈትኑት! የስምንተኛ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያውቅና የማያውቅ በአንድ ከሰዓት ይለያል። ማኅተም ይሠራረቃል፤ ፊት ለፊትህ የተሠራ ሒሳብ ግን ፎርጅድ አይሆንም።

«ትልቅ ልጅ ከሕፃናት ጋር ይቀላቀላል» ትላላችሁ። ይሄም ያሳስባል። ማታ የተባለውም ለዚሁ አይደል? ግን መርካቶ ውስጥ የጭነት ሥራ የሚደራው ወደ ማምሻው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ክፍል ግባ የሚባል ኩሊ፣ ከእራቱና ከደብተሩ አንዱን እንዲመርጥ ተፈርዶበታል።

«ሙያ ይማር» የሚሉትስ? ሙያ ክቡር ነው። ግን ልጆቻቸውን የት እንደሚያስተምሩ ጠይቋቸው። ለሰው ልጅ የሚመክሩትን ለራሳቸው ልጅ አይመርጡትም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ካርድ ለሌለው የምደባ ፈተና ይሰጠው። በመሸኛ ፈንታ ሁለት ምስክር ይበቃ። እሑድ መርካቶ ሲቀዘቅዝ ባዶ የሚውሉ ክፍሎች ይከፈቱ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። አቅም የለም ከማለታችን በፊት እሑድ ዕለት ስንት ክፍል ተቆልፎ እንደሚውል እንቁጠር።

«የተማረ ይግደለኝ» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። እንግዲያው ልማር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ልጅ በወረቀት አንግደለው።