ባሮ ሽንኩርቷን ረግጣችሁ አትለፉ

ዛሬ የምጣላው ስለ ጌም ነው። መሳቅ ይቻላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ስታርዲው ቫሊን የጀመሩ ልጆች ኢንቦክስ እየገቡ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ከየት ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ከሜዳ ልቀሙ። ይህን በጻፍኩ ቁጥር አንዱ ቪዲዮ አይቶ የመጣ ከሥር ይሰፍርና «ለቀማ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ገበሬ ሆነህ ቅጠል ትለቅማለህ እንዴ?» ይላል። ይቺን አባባል ጠላኋት። ስድቧን ትቼ በሒሳብ ልግጠማት።

ጌሙን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ዓመታት ፈጅቶ ብቻውን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ነው። ከአያትህ የወረስከው፣ ዳዋ የዋጠው መሬት ላይ ትገባለህ። ኪስህ ውስጥ 500 ወርቅ፣ ከከንቲባው የተሰጠህ 15 የፓርስኒፕ ዘር (ነጭ ካሮት በሉት)፣ ለቀኑ ደግሞ 270 ጉልበት አለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የቪዲዮዎቹ ምክር «500ዋን ይዘህ ወደ ፒየር ሱቅ ሩጥ፣ ሁሉንም ፓርስኒፕ ግዛበት» ነው። እሺ፣ እንግዛ። ዘሩ 20፣ ምርቱ 35፣ ትርፉ 15 ወርቅ። ለአንዷ ፓርስኒፕ ለመቆፈር 2 ጉልበት፣ ለአራት ቀን ውሃ ለማጠጣት 8፤ በድምሩ 10 ጉልበት። ገንዘቡም የሚመለሰው ከአራት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ኪስህ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንምጣ። ሊክ የሚሏት፣ በእኛ ገበያ ባሮ ሽንኩርት የምንላት፣ 60 ወርቅ ትሸጣለች። ዘር አልገዛህላትም፣ አልቆፈርክላትም፣ ውሃም አላጠጣሃትም። ጎንበስ ብሎ ማንሳት ጉልበት አይቀንስም፤ ዜሮ! 60 ወርቅ ማለት የአራት ፓርስኒፕ ትርፍ ነው፤ ያ ደግሞ 40 ጉልበትና አራት ቀን ይበላል። ዛሬ ማታ ሣጥኑ ውስጥ ከጣልካት ነገ ጠዋት ገንዘቡ እጅህ ላይ ነው። ታዲያ ሰነፉ ማነው?

ፓርስኒፕ አትዝሩ አላልኩም፤ ቃሌን አታጣሙ። እኔ የምለው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጥራችሁ መሬት አይደለም፤ መሬቱማ ሞልቷል። የሚያጥራችሁ ገንዘብና ጉልበት ነው። ለቀማ ሁለቱንም ሳይነካ ገንዘብ ያመጣል፣ ያ ገንዘብ ዘር ይሆናል። በስፕሪንግ 13 የእንቁላል በዓል ላይ የእንጆሪ ዘር በ100 ወርቅ ይሸጣል። የዚያኑ ቀን ከተዘራ ወቅቱ ሳያልቅ ሁለቴ ይለቀማል፣ አንዷ ፍሬ 120 ታወጣለች። በዚያ ቀን 3 ዘር የገዛና 20 ዘር የገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ አይገናኙም።

«ዓሣ ማጥመድ ይበልጣል» የምትሉኝም አላችሁ። እጁ ለለመደ ሰው እውነት ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ጊዜ መወርወር 8 ጉልበት ይፈጃል፤ ጀማሪ ደግሞ በስልክ ስክሪን ላይ ከያዘው ያመለጠው ይበዛል። ደግሞስ አንዱን ምረጡ ያላችሁ ማነው? ዊሊ በሁለተኛው ቀን ዘንግ ሲሰጣችሁ ባሕሩ ዳር ናችሁ፤ እግራችሁ ሥር ያለችው ክላም የምትባል ዛጎል 50 ወርቅ ናት። ረግጧት አልፎ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ፤ ጉድ ነው!

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የስፕሪንግ አኒየን ነገር ነው። ከሲንደርሳፕ ጫካ በደቡብ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ በየቀኑ ይበቅላል። መሸጫው 8 ወርቅ ስለሆነ «ዋጋ የለውም» ብለው ያልፉታል። ማን ሽጡት አላችሁ? ብሉት እንጂ! አንዱ 13 ጉልበት ይመልሳል። አምስት ከበላችሁ 65 ሆነ፤ የቀኑን ሩብ ያህል በነጻ። በዚያ ጉልበት 32 ተክል ታጠጣላችሁ። ከስፕሪንግ 15 እስከ 18 ደግሞ ቁጥቋጦው ሁሉ ሳልሞንቤሪ ይይዛል። መሸጫዋ 5 ወርቅ ብቻ ናት፣ ግን 25 ጉልበት ትመልሳለች። ቦርሳ ሙሉ ይዞ ማዕድን ቤት የወረደና ባዶ ሆዱን የወረደ አንድ ናቸው? ዋጋን በመሸጫው ብቻ የሚያይ ሰው ሒሳብ አላስተማርኩትም፤ ካስተማርኩትም ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

ቪዲዮዎቹ ወደማይነግሯችሁ ነገር ልሂድ። አንድ ነገር ከሜዳ ስታነሱ 7 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ የለቀማ ደረጃ 1 ደግሞ 100 ነጥብ ነው። 15 ለቀም ለቀም አድርጋችሁ ተኝታችሁ ስትነሱ የዱር ዘር መሥራት ትችላላችሁ። ዳፎዲል 30፣ ዳንዴሊዮን 40፣ የዱር ሆርስራዲሽ 50፣ ባሮ ሽንኩርት 60። አራቱ እንዳሉ ሲሸጡ 180 ወርቅ ናቸው። አንድ ላይ ሲሠሩ ግን 10 ዘር ይወጣል፣ አንዱ ዘር 35 ይሸጣል። 350 ሆነ፣ ገና ሳይዘራ! ዘርታችሁ ሰባት ቀን ካጠጣችሁት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ከአራቱ አንድ አንድ ለኮሚኒቲ ሴንተሩ ብትሰጡ 30 የዱር ዘር ይሸልማችኋል። 30ን በ35 እናንተው አባዙት፤ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ንቀቱን ጌሙ አላመጣውም። ጌሙ እንዲያውም ከተማው ዳር በድንኳን የሚኖር፣ ከሜዳ ለቅሞ የሚበላ ላይነስ የሚባል ሰው አለው፤ ከሚከበሩት ገጸ ባሕርያትም አንዱ ነው። ንቀቱን ይዘን የገባነው እኛ ነን። አጋምና ቀጋ ለቅመን ያደግን ሰዎች «ለቃሚ» ስንባል ስድብ ይመስለናል። የከፋንና የሐረናን የጫካ ቡና በመስመር የተከለው ማነው? የመተማን የእጣን ዛፍስ? ሰው ያልተከለውን አውቆ መሰብሰብ እውቀት ይጠይቃል፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል። በጌሙም እንደዚያው ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት ሜዳው ይጠረጋል፣ ያላነሳችሁትን እሑድ ጠዋት አታገኙትም። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ለቀማን ሥራ አይደለም የሚለኝ።

ለቀማ ዕድሜ ልክ አያኖርም፣ ልክ ነው። እርሻው ራሱን ሲችል፣ ውሃ የሚረጩ መሣሪያዎች ስትተክሉ፣ ባሮ ሽንኩርት ለማንሳት መንገድ መቀየር አያዋጣም። ያኔ ተዉት። እኔ የማወራው ኪሱ ውስጥ 500 ወርቅ ይዞ ስለገባው ልጅ ነው፤ እሱን «አትልቀም» ማለት ጭካኔ ነው።

አሁንም የምትከራከሩኝ ቪዲዮ አትላኩልኝ። አዲስ እርሻ ክፈቱ፣ አንዱን በለቀማ አንዱን ያለ ለቀማ፣ እስከ ስፕሪንግ 7 ተጫወቱ። በየምሽቱ የቀራችሁን ወርቅና ጉልበት ጽፋችሁ ከሥር አስቀምጡልኝ። ስፕሪንግ አኒየኑን የሸጠ ሰው ግን ከውድድሩ ውጪ ነው።