በጽሑፍ ያለ ሁሉ ይወረሳልን?

«የአሜሪካ ሕዝብ ታሪክ ታላላቅ መለወጫዎች የትኞቹ ናቸው?» ተብለን በፈተና ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንጽፈው መልስ አንድ ዓይነት ነው። በ1776 ነጻነት ታወጀ፤ በ1787 ሕገ መንግሥት ተረቀቀ፤ በ1863 ሊንከን የባሮችን አርነት አወጀ፤ በ1865 የእርስ በርስ ጦርነት አለቀ እንላለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም ወደ ፋብሪካዎች መስፋፋትና ወደ ዓለም ጦርነቶች እንሻገራለን። ማርኩም ይሰጠናል። እኛ ግን በዚህ መልስ ውስጥ ትልቅ ጉድለት አለ እንላለን፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ዓመት አልተጠራምና። እርሱም 1877 ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። የ1776ቱ መግለጫ የሰውን ሁሉ እኩልነት ሲናገር፥ ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ራሱ የባሮች ጌታ ነበር። የ1787ቱ ሕገ መንግሥትም የየግዛቱ እንደራሴዎች ቁጥር ሲሰላ አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠሩ ደነገገ። የሊንከን አዋጅም ቢሆን በዐመፅ ላይ የነበሩትን ግዛቶች የሚመለከት ነበር እንጂ፥ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የቆሙትን እንደ ኬንታኪና እንደ ሜሪላንድ ያሉትን አልነካም። በቴክሳስ የባሮቹ አርነት በጋልቨስተን ከተማ በጦር አዛዥ ትእዛዝ የተነገረው በጁን 19 ቀን 1865 ነው፤ ይኸውም አዋጁ ከወጣ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዘመን ግን እውነተኛ መለወጫ ለመሆን ተቃርቦ ነበር። በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ተከለከለ፤ በ1868 ዜግነትና የሕግ እኩልነት፥ በ1870 ደግሞ በዘርና በቀለም ሳይለዩ የመምረጥ መብት ተጻፈ። ትናንት በገበያ ሲሸጥ የነበረ ሰው ድምፁን ሰጠ። በ1870 የሚሲሲፒው ሃይረም ሬቭልስ የመጀመሪያው ጥቁር የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ። ሮበርት ስሞልስ በ1862፥ ገና ባሪያ ሳለ፥ የዐመፀኞቹን መርከብ ከቻርልስተን ወደብ እየነዳ ከነቤተ ሰቡ ያመለጠ ሰው ነው፤ እርሱም ኋላ የሳውዝ ካሮላይና እንደራሴ ሆኖ በዋሺንግተን ተቀመጠ። ፊስክና ሃዋርድ የተባሉት የትምህርት ተቋሞችም የተመሠረቱት በዚሁ ዘመን፥ በ1866 እና በ1867 ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ፈረሰ? በ1876 የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በሄይስና በቲልደን መካከል ክርክር አስነሣ። በ1877 ሄይስ ሥልጣን ያዘ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በሳውዝ ካሮላይናና በሉዊዚያና የጥቁሮችን መብት የሚደግፉትን መንግሥታት ይጠብቅ የነበረው የፌዴራል ጦር ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። አዲስ አዋጅ አልወጣም፤ ከሕገ መንግሥቱም አንዲት ፊደል አልተፋቀችም። የጠፋው የተጻፈውን የሚያስፈጽም ኃይል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በየተራው መጣ። በ1890 ሚሲሲፒ በአዲስ ሕገ መንግሥት የምርጫ ግብርና የንባብ ፈተና አቆመች፤ ሌሎች የደቡብ ግዛቶችም ተከተሏት። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፕሌሲና በፈርግሰን ክርክር ሰውን በቀለም መለያየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ከ1901 እስከ 1929 ድረስ ከሁለቱ ምክር ቤቶች በአንዱም ጥቁር እንደራሴ አልነበረም፤ ከደቡብማ እስከ 1973 ድረስ መቆየት ግድ ሆነ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ ታሪክ ግን በጽሑፍ ያለውም የሚወረሰው የሚጠብቀው ሲኖር ብቻ መሆኑን ያሳያል። በ1870 የተጻፈው የመምረጥ መብት በደቡብ ላሉት ጥቁሮች በሥራ እስኪተረጐም እስከ 1965 ድረስ 95 ዓመት ፈጅቷል። ውርሱ በወረቀት ላይ እንዳለ፥ ልጅም የልጅ ልጅም ሳይወርሱት አለፉ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ውሎ አድሮ ተስተካክሎ የለምን? ታሪክ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም» ይሉናል። እንዴት እንደ ተስተካከለ ግን ቢጠይቁ መልካም ነው። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ። ከፍርዱም በኋላ ልማዱ በብዙ ስፍራ እንዳለ ቀጠለ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በግሪንስቦሮ ከተማ አራት የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው እንዲስተናገዱ ጠየቁ። እንቢ ሲባሉም ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም። በማግሥቱ ሌሎች ተማሪዎች ተጨመሩላቸው፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ባንኮኒው ለጥቁሮችም ተከፈተ። የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግና የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ የመጡት በእንዲህ ያለ ትግል ነው እንጂ በጊዜ ብዛት አይደለም።

ወደ ኋላ አይሄድም ለሚሉትም አንድ ተጨማሪ ዓመት እንጠቅሳለን። የ1965ቱ ሕግ መድልዎ ሲፈጽሙ የነበሩ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ለማዕከላዊው መንግሥት አቅርበው እንዲያስፈቅዱ ያስገድድ ነበር። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትኞቹ ግዛቶች ማስፈቀድ እንዳለባቸው የሚወስነውን አንቀጽ ሻረ። ሕጉን በሙሉ አላፈረሰውም፤ የሚያሠራውን ቁልፍ ግን ወሰደበት። ይህን እያነበበ 1877ን የማያስታውስ ሰው ታሪክ የተማረው ለማርክ ብቻ ነው።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። «መቼ ታወጀ?» ብለው ሲጠይቁን «ማን አስፈጸመው? ማንስ አስቀረው?» የሚለውን ይጨምሩበት። እኛም ተማሪዎች መለወጫ ማለት አዋጅ የተነበበበት ቀን ብቻ አለመሆኑን እንወቅ። ሕዝብ የተነበበለትን በእጁ የጨበጠበት፥ ወይም ጠባቂ አጥቶ የተነጠቀበት ቀንም መለወጫ ነው። ሁለተኛውን ሳያጠና የመጀመሪያውን ብቻ የሚያከብር ትውልድ፥ የተነጠቀውን የሚያውቀው ከተነጠቀ በኋላ ነው።