አልጫንም ስላለው ፕለጊን

ሰሞኑን በቤተ ሙከራው በር የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ እርሱም «ፍላሽ አልጫን አለ» የሚል ነው። ለማያውቀው ሰው ተራ የመሣሪያ ጉድለት ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ዑደት ትምህርት ያለበትን ዲስክ ይዘው ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተሰለፉ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እያየን ዝም ማለት አልቻልንም።

የሆነው እንዲህ ነው። በክረምቱ ኮምፒዩተሮቹ ይታደሱ ተባለና አሮጌው ዊንዶውስ ተጠርጎ አዲስ ተጫነ። ከኢንተርኔት ሳይገናኝ ለዓመታት በደኅና ሲያገለግል የኖረው አሮጌ ፍላሽ ፕሌየርም አብሮ ተጠረገ። «ግድ የለም፣ መልሰን እንጭነዋለን» ተባለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። መጫኛው ጥቂት ይሄድና ይቆማል፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይበራል፤ ሌላ ብራውዘር ይሞከራል፤ ያም ያው ነው። ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ፣ ምናልባት ኢንተርኔቱ ደክሞ ይሆን?» ቢላቸው፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ «ኢንተርኔቱማ ዛሬ ብርቱ ነው ልጄ፤ የደከምሁስ እኔ ነኝ» ሲሉ መለሱለት። እኚህን ሰው የሚወቅሱ ባልንጀሮች አሉን። ወቀሳው ግን ያለ ቦታው ነው።

ፕለጊን ማለት ብራውዘሩ በራሱ የማይችለውን ሥራ እንዲሠራለት በጎኑ የሚሰካ ሌላ ፕሮግራም ነው። የፍላሽ ባለቤት አዶቢ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ሥራውን በ2020 መጨረሻ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ እንዳለውም አደረገ። ስለዚህ ትንሹ መጫኛ የቀረውን ሊያመጣ ወደ አዶቢ ቢሄድ የሚሰጠው የለም። ሙሉው መጫኛ ቢገኝ እንኳ የመጨረሻዎቹ ፕሌየሮች ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ምንም እንዳያሳዩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህን እገዳ የማያውቅ የቆየ ፕሌየር ተፈልጎ ቢመጣስ? ክሮም በ88ኛው፣ ፋየርፎክስ በ85ኛው እትማቸው፣ ሁለቱም በዚያው በጃንዋሪ 2021፣ ፍላሽን መቀበል አቁመዋል። ሶኬቱ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ ሽቦ ይዞ መዞር ምን ይጠቅማል?

ይህም ሆኖ አንዳንድ ወንድሞቻችን ከማይታወቅ ቦታ «የተስተካከለ ፍላሽ» አውርደን፣ የኮምፒዩተሩን መከላከያ አጥፍተን እንጫነው ይላሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የፍላሽን ስም ለብሶ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም ፍላሽ በሕይወት ሳለም የታወቀ ወጥመድ ነበር። በእነዚያው ኮምፒዩተሮች ተማሪው የይለፍ ቃሉን እየጻፈ ውጤቱን እንደሚያይ አንርሳ።

ሌሎች ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ነገር ነውና ይጣል ይላሉ። ለመሆኑ የሚጣለው ምንድን ነው? በዲስኮቹ ላይ ያለው ከውጭ የተገዛ ዕቃ አይደለም። ቀደም ብለው እዚሁ ያስተማሩ መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩት፣ ማብራሪያውም በአማርኛ የተጻፈ ትምህርት ነው። ይህን የመሰለ ስንት አለንና ነው ወደ ቆሻሻ የምንወረውረው?

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ሩፍል የሚባል፣ በነጻ የሚሰጥና ምንጩ ለሁሉ የተገለጠ ፕሮግራም አለ፤ የፍላሽን ፋይል ያለ ፍላሽ ፕሌየር ያነባል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ቤተ መዛግብትም ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ የቆዩ የፍላሽ ሥራዎችን የሚያሳየው በዚሁ ነው። እኛም ባለፈው ቅዳሜ በኃላፊው ፈቃድ ሞከርነው። የዑደቱ ትምህርት ተከፈተ፤ ማብሪያውን ስንነካው አምፖሉ በራ፤ ጋሼም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የመልመጃው ክፍል ግን እምቢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በመጣው በአክሽን ስክሪፕት 3 የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ ሩፍል የዚህን ዓይነቱን ሁሉ ገና አሟልቶ አይሠራም።

እዚህ ላይ ነው ቁጭታችን። ያለቀው ፋይል ብቻ በዲስክ ታትሞ መምህራኑ የሠሩበት ዋናው ፋይል ባይጠፋ ኖሮ፣ መልመጃውን ያለ ፕለጊን ብራውዘሩ ራሱ በሚያነበው በኤች ቲ ኤም ኤል 5 ማደስ ይቻል ነበር። ማስጠንቀቂያው ከተነገረ እስከ መዘጊያው ቀን ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ነበረ። ክፍሉ አልተዘጋጀም፤ የተማሪዎች ማኅበራችንም አልጠየቀም፤ ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አናወጣም።

አሁን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዲስኮቹ በሁለት ቦታ ይገልበጡ፤ ሩፍል በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ይቀመጥ፤ ወደፊትም ክፍሉ ማንኛውንም የኮምፒዩተር ትምህርት ሲረከብ ዋናውን ፋይል አብሮ ይረከብ። የመገልበጡን ሥራ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ስድስት ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ካርቶኖቹ ዛሬም ከደረጃው ሥር ከአሮጌ ወንበሮች ጋር ናቸው፤ ዕቃ ቤቱ የሚጠረገው በሚመጣው ሳምንት ነው ተብሏል።