ማርከሽኛል



ሐይቅ ከተማ በምናገለግልበት ጊዜ አንዲት እህት ቤታችን መጣች። የልቧን ያወጣችው ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ነው። «ባለቤቴ ድሮ ማርከሽኛል ይለኝ ነበር። አሁን ቀና ብሎም አያየኝ። ጎረቤቴ አምባሰል ውስጥ መስተፋቅር የሚሠራ ሰው አውቃለሁ ብላኛለች» አለችኝ። ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች።

ቶሎ መገሠጽ ይቀናኛል፤ የመጋቢ ሚስትነት ያስለምዳል። የዚያን ዕለት ግን «አብሽሪ» ብዬ (ወሎ ነንና) በቃሉ ላይ ቆየሁ።

ማረከ የጦር ሜዳ ቃል ነው። በግዕዝ ማህረከ ማለት በጦርነት ያዘ፣ ዘረፈ ማለት ሲሆን፣ ምህርካ ደግሞ ምርኮ ነው። አማርኛችን «ህ»ን ዋጠና ማረከ አለው። ቃሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ወደ ቤታችን ገባ፤ ማራኪ ዓይን፣ ማራኪ ዜማ እንላለን። ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ ስሙ የሚጠራው አምባሰል አገር ሰው ደግሞ በዜማ መማረክን አስረዱኝ አይልም።

መስተፋቅርም ከግዕዝ የመጣ ነው፤ የሚያፋቅር ማለት ነው። ስሙ ያምራል። የሚፈለገው ግን ሰውየው ሳይወድ እንዲወድ ነው፤ ይህ መማረክ ነው፣ ያውም በጥንቱ ትርጉሙ። እዚያው አምባሰል ግሸን አምባ አለ። የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በዚያ ተራራ ይጠበቁ ነበር፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ1434 እ.ኤ.አ. ከመንገሣቸው በፊት እዚያ ነበሩ። የንጉሥ ልጆች ናቸው፤ መውረጃውን ግን ሌላ ሰው ይዞታል። «ባልሽን እንዲህ ብታገኚው ደስ ይልሻል?» አልኳት።

«ቢያንስ ቤት ውስጥ ይገኛል» አለችኝ። ሳቅንም፣ አለቀስንም።

ከዚያ መኃልየ መኃልይ 4፥9ን ከፈትን። ሙሽራው በሙሽራይቱ ዓይኖች ልቡ መወሰዱን የሚናገርበት የዕብራይስጥ ግሥ የተሠራው «ሌብ» ከሚለው ቃል ነው፤ የእኛው «ልብ» የቅርብ ዘመዱ ነው። (ኮሌጅ የተማርኩት ዕብራይስጥ ከጠቀመኝ ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።) በዚሁ መጽሐፍ ግን ፍቅር በራሱ ፈቃድ ካልሆነ በቀር እንዳይቀሰቀስ የኢየሩሳሌም ሴቶች ሦስት ጊዜ በመሐላ ይለመናሉ፤ 2፥7ን፣ 3፥5ንና 8፥4ን ተመልከቱ። ልቡ የተወሰደው ሰው እንኳ በግድ የተያዘ አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተስ ይህን ቃል ለባለቤትህ ለመጨረሻ ጊዜ የነገርካት መቼ ነው? ከሠርጉ በፊት ከሆነ፣ ማርኮ የረሳው ማን እንደሆነ አስብበት።

እህታችን ገንዘቧን እንደቋጠረች ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሳምንቱ እንደነገረችኝ፣ ማታ ለባሏ «ድሮ የምትለኝ ቃል ናፈቀኝ» አለችው። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ ያስጠላሁሽ መስሎኝ ነበር» አላት። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሁለቱም እየመጡ ከባለቤቴና ከእኔ ጋር ይቀመጡ ጀመር። መጀመሪያ ላይ የሚቀመጡት በተለያየ ወንበር ነበር።