«ከተማው ጸዳ» ለምትሉ ልጆቼ



የፈረሰ ሰፈር ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር «እሰይ! ከተማው ጸዳ» እያላችሁ የምትጽፉ አላችሁ። ስማችሁን አልጠራም። ግን አንዳንዶቻችሁን እዚህ አማኑኤል ጠመኔ ይዤ ያስተማርኳችሁ ናችሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቃሌ ከጠነከረባችሁ የለመዳችሁት ቁጣ ነው፣ ቻሉት።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከማቻክል ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ፣ ዘመድ የሌለው፣ በኪሱ የሳምንት እንኳ የማትበቃ ብር የያዘ ልጅ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ነው የሚያድረው?

መልሱን ታውቁታላችሁ። ቦሌ አያድርም። አውቶቡስ ተራ ይወርድና ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ጎጃም በረንዳ ወይ ወደ ሰባተኛ ይሄዳል። ያገሩን ሰው አነጋገር የሰማበት በር ላይ ቆሞ «አልጋ አለ?» ይላል። አልጋ ሲባል እንግዲህ አንዳንዴ ቆጥ ነው፣ አንዳንዴ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ እሱም ለሦስት። በነጋታው ሎተሪ ያዞራል፣ ወይ መርካቶ ሸክም ይሸከማል፣ ወይ ግንባታ ላይ አሸዋ ያቀብላል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ዘበኛ ይሆናል፣ ሱቅ ይቀጠራል፣ ታናሽ ወንድሙን ያስመጣል። ዛሬ ባለመኪና ከሆናችሁት ውስጥ በዚያ በር የገባችሁ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ደብዳቤ ትጽፉልኝ ነበር እኮ!

(በነገራችን ላይ እዚያው መርካቶ አካባቢ ሌላ አማኑኤል አለ። «ከአማኑኤል ነው የመጣሁት» ስንል አዲስ አበቤዎች ሆስፒታሉን እያሰቡ ፈገግ የሚሉት ለዚህ ነው። ይሳቁ፣ ምን ይደረጋል።)

አሁን «ቆሻሻ» ወደምትሉት ሰፈር ልምጣ። መርካቶን ማን ሠራው? ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረው ለእኛ አስቦ አይደለም። አራዳን ለነጭ ለማድረግ፣ «አገሬውን» ለብቻው ለማጠር ነበር። ሕዝቡ ግን በዚያ አጥር ውስጥ ማንም ያላቀደለትን ከተማ ሠራ። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆሙ። የየመን አረቦች ሱቅ ከፈቱ። በኋላ እነሱ እየለቀቁ ሲሄዱ ከሊስትሮነት የጀመሩ የጉራጌ ልጆች ሱቁን ተረከቡ። እነዚያው ጉራጌዎች መርካቶ ካገኙት እያዋጡ በንጉሡ ዘመን ወደ አገራቸው መንገድ አስቆረጡ። እኛ ጎጃሞች እዚህ ላይ ምን እንላለን? እኔ በበኩሌ ቅናት ነው የሚይዘኝ።

ጫማውንም ውሰዱ። የአገራችን የቆዳ ጫማ ፋብሪካ ሥራ በአብዛኛው መነሻው አርመኖች ናቸው። ከነዚያ ፋብሪካዎች ሙያ የቀሰሙ ሠራተኞች ወጥተው በፒያሳና በመርካቶ ጓዳዎች የየራሳቸውን ሥራ ከፈቱ። እነሱ ደግሞ ሌሎችን አሠለጠኑ። አንዱ ቆዳ ይቆርጣል፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ሶል ይለጥፋል። ሁሉም በእግር ሁለት ሦስት ደቂቃ ይራራቃሉ። ምናለሽ ተራ ሂዱና እዩ፦ እናንተ የጣላችሁት በርሜል ምድጃ ሆኖ፣ ያረጀ ጎማ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ኢንዱስትሪ ካልሆነ ኢንዱስትሪ ምንድን ነው? ሪባን የሚቆረጥለት ብቻ?

ደግሞ ሽሮ ሜዳ አለ። እህታችሁን የዳራችሁበት ቀሚስ የተሸመነው እዚያ ነው። የሸመኑት ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ሸማኔ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ያውቃል፤ መሬት ቆፍሮ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚቀመጠው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ጉድጓድ ቆፍሩልኝ እስቲ!

ካዛንችስስ? ስሙ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራበት ድርጅት ምኅጻር የመጣ ነው። ለቅኝ ገዥ ቢሮክራት የታሰበ ሰፈር ነበር። በኋላ የሁሉም ሆነ፤ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጋራዥ፣ የቀበሌ ቤት፣ እድር። በ2016 የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንችስ በኮሪደር ልማት ፈረሱ። ከካዛንችስ የተነሳው ሰው ብዙው ገላን ጉራ ተወሰደ። ቤቱ አዲስ ነው፣ ቧንቧ አለው፣ እሺ። ግን ጠዋት ጠዋት እንጀራ ለሆቴል ታስረክብ የነበረች ሴት ደንበኞቿ የት ናቸው? ለእድሩ ድንኳንስ ማን ነው የሚደርሰው?

ይህም ቢሆን ለባለውሉ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤትን ሲወርስ ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ለቀበሌ ሄደ። ኪራዩ ለዓመታት ሳይነካ ቆየ። ባለውሉ ቤተሰብ ሲሰፋበት፣ ኑሮ ሲከብደው ቆጥ ሠራ፣ ከጓሮ በቆርቆሮ ቀጠለ፣ አከራየ። ሕገወጥ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን! ግን ከገጠር የመጣውን ድሃ በገፍ ሲያስጠልል የኖረው ይህ ቆጥ ነው። ኮንዶሚኒየሙ አይደለም፤ ኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ቁጠባ፣ ከዚያ ዕጣ፣ ከዚያ ባንክ ነው። ሰፈር ሲፈርስ ባለውሉ በመዝገብ ይፈለጋል፣ ተለዋጭ ቤት ይባልለታል። ለአንድ ሌሊት ፍራሽ የከፈለው የማቻክል ልጅ በየትኛው መዝገብ ላይ ነው? የትም የለም። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ ሲነሳም «ተነሳ» አይባልም፤ ቁጥሩ ውስጥ ስለሌለ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ውጭ ያላችሁት ይህንን ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ሜልቦርን ያላችሁ ፉትስክሬይን ታውቃላችሁ። የጥይትና የገመድ ፋብሪካ የነበረበት የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያንና ግሪኩ ገባ፣ ሳይጎን ከወደቀች በኋላ ቬትናሙ፣ ከዚያ የእኛ ሰው ክትፎ ቤቱን ከፈተ። ሁሉንም የሳባቸው ለመሐል ከተማ የቀረበ ርካሽ ቤት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ምግብ ቤቶቻችን ኪራይ ሲንር ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም እየራቁ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሄዱ አይታችኋል። እዚያ ኪራይ ሲገፋችሁ «ግፍ ነው» ብላችሁ፣ እዚህ ዶዘር ሲገፋን «ጸዳ» ትላላችሁ። ይህ እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። እነዚያ ሰፈሮች ገነት አልነበሩም። አንድ ሽንት ቤት ለሃያ ሰው ጥሩ ነው የሚል ካለ ራሱ ይኑርበት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል መንገዱ ጠቦ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ማጣቱን ሁላችን ሰምተናል። መንገድ ይስፋ፣ ሽንት ቤት ይሠራ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ይታደስ። ፎቅም ይሠራ ብትሉኝ አልከራከርም፣ ሰውየው እዚያው ይመለስበት እንጂ። ቁስል ያለበትን እግር ቆርጦ «ቁስሉ ዳነ» የሚል ሐኪም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«መጤ» የምትለዋንም ቃል ሳልነካ አላልፍም። የእኛ ልጆች «ከተማውን ሞሉት» ሲባሉ ትቆጣላችሁ፣ ተቆጡ፣ ልክ ናችሁ። ግን በዚያው አፋችሁ ጉራጌውን፣ ዶርዜውን፣ ሶማሌውን ከየት መጣ ስትሉ አንብቤያለሁ። ጎጃሜ እንዲህ ሲል ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። የቆሎ ተማሪ አገር እኮ ነን! ቅኔ ፍለጋ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ካገር አገር ዞሮ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሰው ደጅ ቆሞ የተማረ ሕዝብ ደጅ ሲዘጋ ያጨበጭባል?

በከተማ ፕላንና በግንባታ መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ተማሪዎች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ጂኦሜትሪ ያስተማሯችሁ ባልደረቦቼ ኮርተውባችኋል። ከእናንተ የምፈልገው ንግግር አይደለም። የሚቀጥለው ሰፈር ካርታ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ቤት ብቻ አትቁጠሩ፣ አልጋም ቁጠሩ። በውል ስንት ሰው፣ በቆጥ ስንት ሰው፣ በፍራሽ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ በየጓዳው ስንት የስፌት ማሽንና ስንት የሽመና ጉድጓድ እንዳለ ጻፉ። ቁጥሩን አለቃችሁ ባይፈልገውም ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡት። ሌሎቻችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ስትገቡ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት እንዳደራችሁና ስንት እንደከፈላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። አንድ በአንድ አነባለሁ።